የሻለቃው ጀሪካን

አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ከበሬ ፊት ለፊት ይኖራል አንድ ሰማይ፦
ሻለቃ ጥላዬ፤ ጉልበቱ የከዳው፣
ደረጃ ሲወጣ ሦስቴ የሚያርፍ ሰው፣
ድሮ ባንድ ትንፋሽ ደመና የቀደደው።

ውሃ በፈረቃ፤ ማክሰኞ ነው ተራው፣
እሱም ከመጣ ነው፣ ሌሊት ነው ሲመጣው።
ቢጫ ጀሪካኖች ታች ተደርድረዋል፣
"የኔ ነው"፣ "የኔ ነው" ጠብ ይነሳባቸዋል።
የሱ ግን አይጠፋም፤ እጀታው ላይ ያለው
ጥብጣቡ የነተበ የጀግና ኒሻን ነው።

ወይዘሮ አልጋነሽ፣ የብሎኩ ሰብሳቢ፣
"ነውር ነው!" አሉ አንዴ፣ ላገር ክብር አሳቢ።
ሳቀና፣ "እትዬ፣ ደረቴ ላይ ሳለ
አንድ ቀን ለጥቅም፣ ለወግ እንኳ አልዋለ፤
ይኸው እዚህ መጥቶ ተራ አስከበረኝ" አለ።

ከበላያችን ላይ፣ ወደ ቦሌ ሲያርፉ፣
መስኮት እያስጮሁ አውሮፕላኖች ሲያልፉ፣
ቀና ሳይል ይላል፦ "ጎማው ዘግይቷል፤
ነፋሱ ከግራ ነው፤ ልጁ ቸኩሏል።"

አንድ ሌሊት ውሃው ቀረብን፤ ጠበቅን፣
ከቧንቧው አጠገብ ጋቢ ተከናንበን።
እኔም እንደ ሰው ሁሉ፣ "ስንት ጣሉ፣ ጋሼ?"
"የጣልኩትማ ተጽፏል" አለኝ፣ "መዝገብ አለው።
ያልተጻፈ ልንገርህ።"
ዝም አለ። ቆየና፦

"ኦጋዴን፣ ዝቅ ብዬ፣ ፀሐይ ከኋላዬ፣
አሸዋው ላይ ቀድሞኝ ይሮጣል ጥላዬ።
ግመሉ ተበተነ። ልጅ ያቀፈች አንዲት
ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ውሃ ስትቀዳ አየኋት።
እናቴ ይህን ስም ያወጣችው ለኔ
አባቴን ቀብራ ነው፣ ከለቅሶ መልስ፣ ያኔ፤
ጥላ ሁነኝ ብላ።
ያቺ ግን፣ ጥላዬ ገና እንደ ነካት፣
ልጇን ጥላ ሮጠች።
ሮጠች። ደግሞ ቆመች።
ተመልሳ መጥታ ተደፋችበት፤
ጥላ ሆነችለት።

አልተኮስኩም። ግዳጄ ሌላ ነበር፤ አለፍኩ።
ትንሽ እንደ ሄድኩኝ ሁለት ሚግ ጣልኩ።
ሲሸልሙኝ ስለ ሚግ አነበቡልኝ፤
ስለሷ እስካሁን አንድም ሰው አልጠየቀኝ።"

ቧንቧው አንኮራፋ፤ መጣ ውሃው ያኔ።
የሱን ጀሪካን ይዤ ደረጃውን እኔ፣
ኒሻኑ ኳ ኳ ሲል ፕላስቲኩን እየመታ፣
እሱ ከኋላዬ፣ ሲያርፍ፣ ሲነሳ፣ ሲያመነታ።

ጠዋት ሴቶች ልብስ ያጥባሉ ከብሎኩ ስር፣
ሕፃን ተኝቷል ሣር ላይ፣ በነጠላ ጥግ፣ ከዳር።
አውሮፕላን አለፈ። ሰፊ ጥላው መጥቶ
ሕፃኑን ሸፈነው፤ ሄደ ግድግዳ ወጥቶ።
ሻለቃው መስኮቱን ይዟል በሁለት እጁ።
ከሴቶቹ አንዷ እንኳ ቀና አላለችም፤
አንሶላ ጨምቀው አሰጡ።

"አየህ?" አለኝ ቀስ ብሎ፣
"አየህ፣ ማንም አልሮጠም።"