ረዳት

ቱሉ ዲምቱ ነን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
በረንዳው ከክፍያው መንገድ ጋር ቀን ከሌት የሚተያይ።
እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰሃኔን ቀምታ ከእጄ
ካርታ ዘረጋችልኝ ትርሲት፣ የመጨረሻ ልጄ።
በስልክ አይገባኝም ስላልኩ፣ ወረቀት ካልሆነ በቀር፣
ፎቶ ኮፒ ቤት ወርዳ በጥቁርና ነጭ አሳትማው ነበር።
ስኮትላንድ ይሉታል። ባሕሩም ግራጫ፣ ተራራውም ግራጫ፤
አንዱን ጥግ ጨው ዕቃ ያዘው፣ አንዱን የቡሎን መፍቻ።

አየር መንገድ ነው ሥራዋ፣ ሞተር ትፈታለች ማታ ማታ፤
ለወላጅ የሚሰጥ ቲኬት አለ፣ ከተረፈ ቦታ።
«ሐይቅ ለሐይቅ እንነዳለን፣ ስምንት ቀን፣ በኪራይ መኪና፤
ጭነት የለን፣ ደረሰኝ የለን፣ ለዓይናችን ብቻ ነውና።»

ለዓይን ብቻ!
ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳሁ፤ አንድም ቀን ለዓይኔ አልነዳሁም።
ተራራ ማለት ማርሽ ነው፤ ሌላ ትርጉሙን አላውቅም።
የጀምበር መጥለቅ ማለት የመብራት ማብሪያ ሰዓት፤
አራት መቶ ኩንታል ጭኖ ማን ቆሞ ሊያያት?

እናም የማውቀውን ጠየቅኋት።
«ኬላው የት የት ነው?» «ኬላ የለም፣ አባ።»
«ነዳጅስ?» «በየከተማው፣ ስንገባ።»
«ማታ መኪናውን ማን ይጠብቃል?» «ማንም።» «እንዴት ማንም?»
«ቁልቁለቱስ?» ስልኳን ነካካች። «ስለ ቁልቁለት አይልም።»
በክብሪት እንጨት ለካሁት፤ ከዳር እዳር አጋደምኩት።
«የሁለት ሌሊት መንገድ ነው። ስምንቱን ቀን ምን ልንሠራበት?»
«ልንቆምበት» አለች።
«ደስ ባለን ቦታ ሁሉ፣ ከአንተ ጋር፣ ልንቆምበት።»

ዝም አልኩ።
ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ «ትምህርት ሲዘጋ» ብያት ነበር፣
«ጋቢና አስቀምጬሽ፣ ጅቡቲ፣ እስከ ባሕሩ ዳር።»
ቡናማ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አጥብቃ፣
በሩ ሥር እንቅልፍ ጣላት አሉኝ፣ የኔን ክላክስ ጠብቃ።
እኔ ለካ በሌሊት ወጥቻለሁ። ጭነቱ ሰሊጥ፤ መርከብ ሰው አይጠብቅም።
ከዚያ ወዲህ ትምህርት ስንቴ ተዘጋ፣ ስንቴ ተከፈተ፤
እሷ አላነሳችውም፤ በእኔም አፍ ውስጥ ነገሩ ሞተ።

«መሪውን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።» አንገቷን ደፋች።
«ከሰባ አምስት በላይ አያከራዩም፣ አባ» አለች።
«ታዲያ እኔ ምንድነኝ?»
«ረዳት።»
ረዳት! ዳገት ላይ ታኮ ይዞ የሚሮጥ፣ ጎማ ሥር የሚያድርበት።
ስንቱን በዚህ ስም ሰድቤዋለሁ፤ ዛሬ እኔ ተጠራሁበት።

እዚያ አገር በግራ ነው አሉ የሚነዳው። እንለማመድ ብላ
የጓደኛዋን ቪትስ ተውሳ ኮዬ ፈጬ ወሰደችኝ፣
ሰው ገና ያልገባባቸው ሕንፃዎች መሀል፤
አስፋልቱ አዲስ፣ ባዶ፣ ፍየሎች የተኙበት።
ግራችንን ይዘን ስናዘግም አንድ ባጃጅ ከፊት ዱብ አለ፤
ልጁ አንገቱን አውጥቶ፣ በማርያም በገብርኤል እየማለ፣
«ግራ ገባችሁ እንዴ?!»
«አዎ!» አልኩት በመስኮት። «ዕድሜዬን ሙሉ ቀኝ ቀኙን ሄጄ
ዛሬ ገና ግራ ገባሁ፤ አስገባችኝ ልጄ።»
ትርሲት መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤
ክላክሱ በግንባሯ ተጫነ።
ረጅም ነበር። ፍየሎቹ ሁሉ ተነሱ።

ቪዛው ገና ነው። ስለ ቁልቁለቱም የሚነግረኝ አልተገኘም።
ሲመሽ፣ ከሕንፃችን ሥር፣ በሁለት መኪና መሀል፣
በኋላ ማርሽ ልትገባ ሁለቴ ሞክራ አቃታት።
ወረድኩ። ረዳት አይደለሁ?
ከኋላ ቆምኩ፣ በአንድ እጄ ጉልበቴን ይዤ፣
በሌላው ቆርቆሮውን ቸብ ቸብ እያደረግሁ፣
«ነይ» አልኳት፣ «ነይ… ነይ…
ትንሽ ወደ ግራ… አይዞሽ፣ ነይ፤
ቦታ አለሽ።»