ከራሚ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።
ከዚራ፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት።
ማራገቢያው ወበቁን ከጥግ ወደ ጥግ ያዞረዋል እንጂ
ውጣ አይለውም።
ፊቴ የቃላት ዝርዝር፣ መቶ አሥራ ሁለት፤
ለሳይንስ መዝገበ ቃላት ዕጣ ሲወጣ
ለእኔ የደረሰኝ፦ ከአመዳይ እስከ ግግር።
ጃኬት የሌለው ሰው
ስለ ብርድ ሊመሰክር።

አንደኛ። አመዳይ።
ከደመና የሚወርድ፣ ስድስት ጣት ያለው፣
ዘጠኝ እጁ አየር፣ አንድ እጁ ውሃ።
ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ።
እኔ እጅ ስል ክፍልፋይ፣ ተማሪ ግን ጣት ይቆጥራል።
«ባዘቶ በይው» አልኳት ነቢሃን፣ የአሥረኛ «ለ»ን።
ባዘቶን ታውቃለች፤ እናቷ ጥጥ ፋብሪካ ስትሠራ
ማታ ቅንድቧ ነጥቶ ትገባ ነበር።
«ታዲያ እናቴ ላይ አመዳይ ይዘንብ ነበር በለኛ!»
ይህንንም ጻፍኩት።
ይህንንም ሰረዝኩት።

ሁለተኛ። ጥቅጠቃ።
የላዩ የታቹን የሚጫንበት፣
ሾሉ የሚዶለዱምበት፣ ጣት የሚሰበርበት፣
ቅንጣት ከቅንጣት ጎን ለጎን አድሮ
ሳይቀልጥ፣ አንገት ለአንገት የሚገጥምበት።
ለዚህስ ብርድ አገር መሄድ አላሻኝም፤
የአሸዋ ባጃጅ አለ፣ ከኋላ አራት ሰው ጭኖ
«ትንሽ ጠጋ በሉ» የሚል፤
አየሩ ይወርዳል፣ ሰው ይቀራል።

ሦስተኛ። እፍግታ።
አንድ ሜትር ኩብ፣ ትኩስ የወረደ፦ ግማሽ ኩንታል።
ዓመት ሲያልፈው፦ አምስት ኩንታል ተኩል።
ትንፋሹ ሲዘጋ፦ ስምንት ኩንታል ከሠላሳ።
ቦታው ያው ነው። የአይሱዙ ረዳት ይገባዋል፣
ወገቡ ይነግረዋል።

አራተኛ።
አንድ በጋ ያለፈበት፣ ግን ያልቀለጠ፤
አመዳይነቱ የቀረ፣ ግግርነቱ ያልደረሰ።
ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ባዶ ትቶታል፣
በእርሳስ ጥያቄ ምልክት፣
ከጎኑ የደረቀ የላብ ጠብታ።
እኔም ባዶውን ይዤ ወጣሁ፣ ወደ ማታ።

ደቻቱ ዳር ሮብሌ ተቀምጧል።
ስሙ በሶማልኛ ዝናብ ያለው ማለት ነው፤
ደቻቱ ግን አሸዋ ብቻ።
ሠላሳ ዓመት በረዶ ፋብሪካ መጋዝ የያዘ፣
ብሎኩን በሰጋቱራ ጠቅልሎ ባቡር ያሳፈረ፤
ባቡሩ ቆመ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣
መጋዙ ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ።
ቃሉን ስጠይቀው ሌላ ነገር ነገረኝ፦
«የብሎክ መሐሉ ለምን እንደሚነጣ ታውቃለህ?
ውሃ ሲረጋ የዋጠው ትንፋሽ ነው።
ጆሮህን ብታስጠጋ፣ ሲቀልጥ ይመልሰዋል።»

ያኔ ጫት ሻጯ ኢፍቱ አለፈች፣ ዘንቢሏን ይዛ።
እሱ ሁለት ወር ደወሌ፣ ልጁ ዘንድ ነበር።
«ሮብሌ! እንዴት ከረምክ?»
«ከረምን፣ ምን እንሆናለን።»

ከረምን።
ይኸው፤ በየቀኑ አፋችን ላይ የነበረ፣
ሆዱ ውስጥ ክረምት ያለበት ግስ
በጋን ላሳለፈ ነገር።
በደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩት፦ ከራሚ።
ሮብሌ ማንበቢያ መነጽሩን ፈልጎ አጣ፤
«ምን አልከኝ?» አለ።
«ስለ በረዶ ነው» አልኩት።

አምስተኛ። ግግር።
ከራሚው በከራሚ ላይ ሲደራረብ፣
ቀዳዳው ሲደፈን፣ አየሩ መውጫ ሲያጣ፤
አረፋው የዚያን ዘመን ሰማይ ይዞ
ሺህ ዓመት፣ አሥር ሺህ፣ የሚቆይበት።

እዚህ ላይ መብራት ጠፋ።
የሱቁ ልጅ ፍሪጁ ሳያሟሟበት
በረዶውን በየብርጭቆው ያድል ጀመር፤
አንዱን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ፦
ጠሽ። ደግሞ ጠሽ።
የዛሬ ጠዋት አየር ነበር የሚወጣው፣ የድሬ፣
ናፍጣና የበሰለ ማንጎ።
መቶ ሰባት ቃል ቀረኝ።