ትርፍ ክብደት

ኤስኮርቷን ስገዛት የዶሮ ቤት ነበረች፤
ከኋላ ወንበሯ ላይ አንዲት ቄብ ታቅፋ፣
አልወርድም ብላ ጮኸች።
ሽማግሌው ቼንሱ ሁለት መቶ ዩሮዬን ቆጥሮ፣
«ዶሮዋ የኔ ናት» አለ፤ እንቁላሉን ሰጠኝ ጨምሮ።

ማልታ ላይ የባሕር ጨው ብረት ይበላል፣ አይጠግብም፤
ወለሏን በጣቴ ብጫን፣ ጣቴ መሬት ነካ እንጂ አልቆመም።
ከመርከብ ጥገናው ግቢ የተጣለ ላሜራ ለቅሜ፣
እሑድ እሑድ በየድኩ፣ ሌሊቱን ዓይኔን ታምሜ።
ሞተሩ ከተጋጨ ቮልቮ፣ ጎማው ከሰው የተረፈ፣
ካምቢዮው በልመና፣ ፍሪሲዮኑ በዱቤ ያለፈ።
እህቴ ቼታ በደብተር ሳንቲም ሳትዘል ትጽፋለች፤
ቱርቦ እንግዛ ስላት፣
«መጀመሪያ ጥርስህን አሳክም» ትላለች።

ሀብታም ጉልበት ይገዛል። እኛ ክብደት ቀነስን፤
መቀነስ ገንዘብ አይጠይቅ።
ሬዲዮኑን፣ ምንጣፉን፣ የበሩን ስፖንጅ ነቀልን፣
የፍሬን ፔዳሉን ሳይቀር በመሰርሰሪያ ወነፈልን።
«ከእንግዲህ ምን ይውጣ?» ብላት
ደብተሯን ዘግታ ከራስ እስከ እግሬ አየችኝ፤
እኔ ዘጠና አምስት ኪሎ፣ እሷ አርባ ዘጠኝ።

ቁልፉን ሰጠኋት።
ሆዴን ባር ባር ቢለውም፣ ጥፋቱ የሆዴ ነበር።

ሃል ፋር፣ የድሮው አውሮፕላን ሜዳ። አረንጓዴ በራ።
ከጎኗ የቆመው ኒሳን ቤታችንን ያወጣል፤
ቀደማት፣ በአንድ ክንድ።
አንድ ክንድ ምን ይባላል?
መጨረሻው ላይ ቆሜ፣ ከመስኮቷ ሲወጣ አየሁ
አንድ የዶሮ ላባ፤ ጭሱ ላይ ወረደ ቀስ እያለ።
ቼታ የራስ ቁሯን ሳታወልቅ፣ ላባውን በጣቷ ይዛ፦
«አየህ» አለችኝ፣ «ገና የሚቀነስ አለ።»