የባሕር ኬላ

ኮምቦልቻ ላይ ወደብ አለን፣ ውኃ የሌለው፣
አስፋልትና አቧራ፣ ሽቦ የከበበው፤
መርከብ አይቶ የማያውቅ ክሬን ቆሞበት
ሣጥን በሣጥን ላይ የሚከምርበት።
እኔ ትራንዚተር ነኝ፣ እንጀራዬ ማኅተም፤
ባሕርን በቁጥር እንጂ በዓይኔ አላውቀውም።

ጦይባ መጣችብኝ ከሐርቡ ማለዳ፣
ደረሰኟን ፈታች ከመቀነቷ ጓዳ፦
«የወፍጮዬ ሞተር በየት በኩል ቀረ?
ሰው ማሽላ ይዞ ደጄ ላይ አደረ፤
ሸረሪቷ ቋቴ ላይ ድሯን ዘርግታለች፣
እኔ ብዘጋ እሷ ሱቅ ከፍታለች።»

ስልኬን ከፈትኩና ነጥቧን አሳየኋት፣
ከጄኖቫ የወጣች፣ ሚጢጢዬ ናት።
በቀይ ባሕር ልትመጣ ነበረ ሐሳቧ፤
ሚሳይል ተባለ፣ ተገፈፈ ቀልቧ፤
አሁን አፍሪካን ትዞራለች፣ እስከ ደቡብ ጫፍ ድረስ፣
ጆሮዋን በማጅራት ዞራ እስክትዳስስ።

«ማነው የከለከላት?»

ዘበኛችን ሰማ፣ የጥንት ባሕረኛ፣
ክንዱ ላይ መልሕቅ ያለው፣ ሠላሳ ዓመት የተኛ፤
በዱላው ጫፍ ጫረ አቧራው ላይ መስመር፦
«ባሕርን ሜዳ አትበይ» አለ ጋሽ ይመር፤
«እንደ ተራራው ነው፣ ኬላ አለው፣ ቀራጭ አለው፤
ይህ ስዊዝ፣ ይህ ሆርሙዝ፣ ይህም ባብ ኤል መንደብ ነው፤
‹የሙሾ በር› ማለት ነው፣ የዓረብ ስሙ ሲፈታ፣
ስንቷ እናት አልቅሳለች ጀልባ በተደፋ ማታ።
ግራጫ መርከቦች ቆመዋል ከአፉ፣
‹ይኸ ይቁም› ይላሉ፣ ‹እነዚያ ይለፉ›፤
ጅቡቲ ላይ ባንዲራቸው ጎን ለጎን፣
ሰፈር ይጋራሉ ሳይዋደዱ እንኳን።
አገር አይወርሩም፣ ዙፋን አይነጥቁም፤
በሩን ከያዙ ወዲያ ሌላ አይጠይቁም።»

ጦይባ ሳቀች።
«አያቴ ኬላ ጠባቂ ነበር፣ ባቲ ቁልቁለቱ ላይ።
ከአፋር ጨው በግመል ሲወጣ
አንድ አንድ አሞሌ ያነሣል።
ጠመንጃው የዛገ፣ ተኩሶበትም አያውቅ፤
ግን እሱ ያኮረፈ ቀን
እስከ ወረኢሉ የሰው ሁሉ ወጥ አልጫ ነው።»

ደግሞ ዞር ብላ አየችው፦
«ያንተስ መርከብ፣ የማንን ወጥ አጣፈጠ?»

ይመር ዝም አለ።
መልሕቁን በእጅጌው ሸፈነ።

ከአጥሩ ማዶ ቦርከና ይወርዳል፣
ክረምት ሲደፈርስ ባሕር የሚገባ ይመስለዋል፤
አዋሽን ይይዛል፤ አዋሽም ሲነጉድ
አፋር ላይ ይቀራል፣ ምድሩ እንደሚነድ፤
ጨው ጨው እየሸተተው፣ ጨው እየቀመሰ፣
ጥቂት መንገድ ሲቀር፣ ባሕር ሳይደረሰ።

ሞተሩ የገባው ሰኔ ላይ ነው።
የመርከቡ ኪራይ፣ ኢንሹራንሱ፣ የጦርነት ጭማሪው፣
ግቢያችን ውስጥ የቆመበት ቀን፣
ሁሉም ተደምሮ ጦይባ ላይ ወረደ።
ሐርቡ ስትደርስ በቁና ሁለት ብር ትጨምራለች፤
ባልቴቶቹ ማንን እንደሚረግሙ አላውቅም።

አይሱዙው ተነሣ፤ ሣጥኑ ላይ እሷ ተቀምጣለች።
ይመር ጣውላውን ዳሰሰ፣ ጣቱን ወደ ምላሱ ወሰደ፣
ጥቂት ቆየ።
ከዚያ በሩን ሳይከፍት
እጁን ዘረጋ፦
«ወረቀት።»