የእታፈራሁ ቆጠራ

ድሬ ላይ ሲመሽ ቆርቆሮው የቀን ቂሙን ይዞ ያድራል፤
ቤት ውስጥ ማንም አይተኛም፣ ሽቦ አልጋው ወደ ግቢ ይሰደዳል።
አያቴ እታፈራሁ ውሃ በጣሳ ረጭታ፣
ለገሃሬን የሚያህል አቧራ በአንድ ጣሳ አስተኝታ፣
ከዚያ ወደ እኛ ትዞራለች፤
በአልጋዎቹ መሃል ለመሃል በነጠላ ጫማ እየተሳበች፣
ግንባር ግንባራችንን በሁለት ጣት ነካ ነካ እያደረገች፦

«አንድ» — ምንተስኖት፣ ተኝቶም የሚሮጥ፤
«ሁለት» — ፍሬሰላም፣ አውራ ጣቷን የምትመጥ፤
«ሦስት» — እኔ፣ እንደተኛ ሰው የምተነፍስ፣
ሳቄ ከአንሶላው ሥር እንዳያመልጥ ከንፈሬን የምነክስ፤
«አራት» — ሆዳን፣ የጎረቤታችን የሩቂያ ልጅ፣
እናቷ ለንግድ ደወሌ ስትወርድ የምታድር ከእኛ ደጅ።
«አምስት» ብላ ደግሞ ትጨርሳለች፣
እጇን ማንም የሌለበት ትራስ ላይ ታሳርፋለች።

አንደኛ ክፍል ገብቼ ቁጥር የለየሁ ሰሞን
ራሳችንን በጣቴ ቆጠርኩ፤ አራት ሆንን።
ምንተስኖትን በጆሮው «እማማ መቁጠር አትችልም» አልኩት፤
ምስጢር እንደያዘ ሰው ሳምንት ሙሉ ኮራሁበት።

ሞኝነቴ!
ከፊራ ቆማ በሦስት ቋንቋ ስትከራከር፣
በሶማልኛ ስትምል፣ በኦሮምኛ ስትመርቅ፣ በአማርኛ ስታመር፣
በአንዲት ሳንቲም ያታለላት ነጋዴ አልነበረም።
የባቡር ሠራተኞች ቱታ ላይ ቁልፍ ተክላ ነው ያሳደገችን።
የብስኩት ቆርቆሮዋ ሙሉ ቁልፍ፤ ቀንድ፣ ናስ፣ ነጭ፣ ጥቁር፤
«ክር አራት ጊዜ ካላለፈበት እንግዳ ነው፣ ይሄዳል» ትል ነበር።

ስሟን ያወጣው ወንድሟ ነው አሉ፣ እህት የናፈቀው ልጅ፤
እሷም ስሟን እንደ ዕዳ ይዛ ከፈለችው ደጅ ለደጅ፤
ለወላድ ደራሽ፣ ለታመመ አስታማሚ፣
ለተጣሉ ባልና ሚስት የእኩለ ሌሊት ሰሚ።
መልአክ ግን አላደርጋትም፤ ስኳር ትደብቅ ነበር፤
ኮንከር ስንጫወት ካርታ ትሰርቃለች፣ ብትያዝም አታፍር።

አምስተኛው ማን እንደሆነ የነገረኝ ደቻቱ ነው።
በጋውን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ኳስ የምንጫወትበት፤
ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ፣ ድሬ ጠብታ ሳይወድቅበት።
አንድ ሌሊት፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ከዋክብቱ እንደተዘሩ፣
ሐዲድ የሳተ ባቡር የመሰለ ድምፅ መጣ በሰፈሩ።
እታፈራሁ ቀድማ ሰማች። በጥፊ ቀሰቀሰችን፤
አንድ በአንድ እየጎተተች የሩቂያ ሰገነት ላይ አወጣችን።
ጎርፉ ከሥራችን አልጋዎቹን እየነዳ ሲያልፍ
በጨለማ ዳሰሰችን፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...»
ቆመች።
ከዚያ ወደ ውሃው ጮኸች፦ «ዘውገ! ዘውገ ልጄ!»

ዘውገ አጎቴ ነው። እኔ ሳልወለድ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣
የጅቡቲ ባቡር ላይ የተንጠለጠለ፣ አንድ ቁልፍ ጎድሎት ከደረቱ፤
«ነገ እተክልለታለሁ» ብላ ያሳደረችው ቁልፍ።
አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ምንም።
ያ ትራስ የእሱ ነበር፤ በየቅዳሜው ታጥበዋለች።

ጠዋት የብስኩት ቆርቆሮው አልነበረም።
እኛ ልጆቹ ወር ሙሉ ከአሸዋው ቁልፍ ለቀምን፤
ያመጣነውን ሁሉ ተቀበለች፣ የራሷ ያልሆነውንም።

ባለፈው ጥር ሞተች፣ ሙቀቱ ረገብ ባለበት፣
ለቀባሪ እንዳትከብድ የመረጠችው ይመስል ወራት።
ሩቂያ በምርኩዝ መጥታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመች፤
ሬሳው ሲያልፍ በሶማልኛ ሁለት ቃል አለች።
ማንም አልተረጎመልኝ፤ እኔም አልጠየቅኩ።

በሠልስቱ ማታ፣ ከድንኳኑ ሥር ሰው ሲሳሳ፣
ልጆቼን ግቢ አስተኛሁ፤ ውሃም ረጨሁ በጣሳ።
ሳላስበው ጣቴ ወደ ግንባራቸው ሄደ፦
«አንድ... ሁለት... ሦስት...»
ከዚያ ሳይጠይቀኝ ወደ ባዶው ትራስ ወረደ፦
«አራት። አምስት።»

«እማ» አለች ትንሿ፣ ዐይኗን እንደጨፈነች፣
«እኛ እኮ ሦስት ነን።»
«የተኛ ሰው አይናገርም» አልኳት።
ከአንሶላው ሥር ሳቋ ሲያመልጣት ሰማሁ።