አንድ ይጨምሩበት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሚዛን ኋላ ቆሜ፣
በደሴ ሰኞ ገበያ፣ በሰው ኩንታል ደክሜ፣
ጡረታዬ ሲደርስ፣ እቁቤም ሲወጣልኝ፣
ልጆቼ «ጣሪያው ይቀየር»፣ ሚስቴ «ላም ግዛ» ሲሉኝ፣
እኔ ካሜራ ገዛሁ።
ሌንሱ የሚፈታ፣ ሌላ ሌንስ የሚገጠምበት።
ሣጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ሳልፍ በሸዋበር
«ሙሄ፣ በስተርጅና ምን ወለድክ?» የማይለኝ አልነበረም።

አስተማሪዬ ፎዚያ ናት፣ ሃያ ሦስት ነው ዓመቷ፤
ፒያሳ ፎቶ ቤት ትሠራለች፤
አይቸኩልም ምላሷ፣ አይቸኩልም ጣቷ።
«ይሄ ቀዳዳ ነው ጋሽ ሙሄ፣ ብርሃኑ የሚያልፍበት፤
ቁጥሩ ሲያድግ ይጠባል፤ ሲያንስ ነው የሚሰፋበት።»
እንዴት ሆኖ? ብዬ ሞገትኳት፤ በየት አገር ሂሳብ፣
ሁለት ከአሥራ ስድስት በልጦ ያውቃል፣ በማን አሳብ?
ሳቀች። «ዝም ብለው ይልመዱት፤ እንደ ትዳር ነው ነገሩ።»

መዝጊያው እንደ ዐይን ቆብ ነው፤
ሲፈጥን የሚበር ባጃጅ ያቆማል፣
ሲዘገይ የቦርከናን ውሃ እንደ ነጠላ ይዘረጋል።
በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት ጥቁር ፎቶ አነሳሁ፤
ክዳኑን አልነቀልኩም።
ዐይኔ መስሎኝ ነበር፤ ሐኪም ቤት ልሄድ ተነሳሁ።
በሁለተኛው ቀን የባለሱቁን ጆሮ አጥርቼ መጣሁ።
«ትኩረትዎ የት ነበር?» አለች፤ «ዐይኑስ የታለ?»
ሌንስ ስቀይር ጋቢዬን እከናነባለሁ፤
አቧራ ከገባ አይወጣም፣ ብላኛለቻ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጦሳ ጠፋ።
ጉሙ ወርዶ፣ ሆጤን ውጦ፣ እስከ ቧንቧ ውሃ ተደፋ።
የመለኪያዋን መርፌ ዜሮ ላይ፣ ልክ መሐል አቆምኳት፤
ይሄን እንኳ ማን ያስተምረኛል! ዕድሜዬን አይደል የኖርኳት?
ፎቶው ግን አመድ ሆነ፤ ያደፈ ቡልኮ መሰለ።
ፎዚያ አየችና፣ «ሚዛኑ ተታለለ፤
ነጭ ሲበዛበት ይደነግጣል፣ ሁሉን ግራጫ ያደርጋል።
መርፌውን አይመኑት፤ አንድ ይጨምሩበት።»

ዝም አልኩ።
ይችን ቃል አውቃታለሁ።
«ቤቴ ሰፍሬዋለሁ እኮ፣ ወንድምዬ፣ አንድ ጨምርበት»
ይሉኝ ነበር ሴቶቹ፣ ምስር ተሸክመው ሌሊት የነጎዱበት
መንገድ ገና እግራቸው ላይ ሳለ።
«ሚዛን አይዋሽም፣ እናቴ» እል ነበር እኔ።
ባለመጋዘኑ ጠዋት ጠዋት ብሎኗን ጠምዝዞ
ነበር የሚያስረክበኝ። አላየሁም።
ማለቴ፣ አይቻለሁ።

ሰኞ ዕለት ወረድኩ፣ ሃምሳውን ሌንስ ገጥሜ፤
ረፋድ ላይ፣ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ቆሜ።
የኩታበሯ ዘምዘም ነበረች፣
አርጅታ፣ ያው ጆንያዋ ሥር።
አወቀችኝ ይሆን? እንጃ።
«ታነሳ እንደሆነ አንሳኝ፤ መሽቶብኝ ልሄድ ነው» አለች፣
ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ።
ቀዳዳውን ከፈትኩት፤ ገበያው ከኋላዋ ቀለጠ፤
ዐይኗ ብቻ ጠርቶ ቀረ፤ እኔ ላይ አፈጠጠ።
ተጫንኩት።

ከካሜራው ጀርባ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየች።
ስለ ፊቷ ምንም አላለች።
«ጆንያዬ ላይ የተኛው ይሄ የማነው ጥላ?» አለች።
«የኔ ነው» አልኳት።

ማታ ፎዚያ፣ «የጀማሪ ስህተት ነው፣ ጠርዝ ላይ ስለሆነ
ይቆረጣል፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም» አለችኝ።
ይቅር፣ አልኳት፣ አይቆረጥ።
ለዘምዘም አንድ አሳተምኩ፣ ከነጥላው።
ሒሳብ ከፍዬ ወጥቼ፣ መንገዱን ከተሻገርኩ በኋላ
ተመለስኩ፤
አንድ ጨመርኩበት።