ግራ ጆሮ

ሁለት ወር ሙሉ ጻፍሁ በደብተሬ ጀርባ፣
የዚህኛው ዋት ስንት፣ የዚያኛው ዋጋ ደርባባ፤
አንዱ አምስት ድምፅ ማጉያ፣ አንዱ ሰባት ይነዳል፣
አንዱ ሲሞቅ ይጠፋል፣ አንዱ ሙቀት ይለምዳል፤
የአንዱ ዋስትና የዓመት፣ የሌላው የቃል ነው፣
ቃልማ ከዚህ እስከ ሐይቅ በየሱቁ ሙሉ ነው።
አንዱን ከበብሁትና ሲነጋ ሰረዝሁት፣
የሰረዝሁትን ደግሞ ማታ መልሼ ከበብሁት።
ግራ ገባኝ።

አባቴ ሙሄ ሠላሳ አንድ ዓመት
ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ የሌሊት ፈረቃ፤
ማሽኑ ቀኝ ጆሮውን በልቶ ግራውን አስተርፎለታል።
"ቀኙ ጡረታ ወጣ እንጂ አልሞተም" ይላል፣
ሰው ሲያዝንለት አይወድም።
ፊልም ግን ይወዳል። ቴሌቪዥኑን እስኪያቃስት ያስጮኸዋል፣
እትዬ በለጡ በዚያ በኩል ግድግዳ ትደበድባለች፣
እሱ አይሰማም፤
የማፍረው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ በጧት ሚኒባስ ያዝን ወደ ደሴ፣
ደብተሬ ጉያዬ ውስጥ፣ ብሩ በቀሚሴ ኪሴ።
ሐረጎን ስንወጣ፣ ከሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣
ጭጋጉ መስኮቱን ሲልሰው፣
ጆሮዬ ጠቅ አለና ተደፈነ።
ሬዲዮው ውኃ ውስጥ ገባ፤
ረዳቱ አፉን ይከፍታል፣ ሒሳቡ ግን አይወጣም።
ወደ አባቴ ዞርሁ። አፌን አይቶ ገባው፣ ሳቀ።
"እሰይ! ደረስሽ" አለ፣ ከንፈሩን አነበብሁት፤
"ምራቅሽን እንዳትውጪ።
ትንሽ ቆዪ፣
አገሬን እዪው።"

ፒያሳ፣ አራጌ ሱቅ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣
እንደ ሙሽራና ሚዜ ጥቁር ለብሰው።
"ይሄኛው ቤት ያፈርሳል!" አለ አራጌ ትልቁን እየደባበሰ።
"ቤቱ የኪራይ ነው" አለ አባቴ።
ተኩስ ያለበት ፊልም ሊከፍት ሲል እጁን ያዘው፦
"ተኩስ እንኳ በነፃ ሰምተናል። ዝናብ የለህም?"

ዝናብ ነበረው።
ከኋላችን ተነሣ፣ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ ሄደ፣
በአናታችን ዞሮ ከፊታችን ወረደ፤
እኔ ሻሼን ዳሰስሁ፣ ረጥቦ እንደሁ ብዬ።
አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል።
ለሱ ዝናቡ በቀኝ ያባራል፣ በግራ ይጥላል።
"ያንን ማዶ ያለውን ወደዚህ ታሻግርልኛለህ?"
አራጌ ሪሞቱን ነካካ፣ ትልቁ እንቢ አለ፤
ትንሹ፣ ያ ሁለት ጊዜ የሰረዝሁት፣
ጠብታውን አንድ በአንድ እየለቀመ አሻገረለት።

"አሁን ምንም አታጫውት" አለ።
"ምንም?"
"ምንም።"
ጎንበስ ብሎ ግራ ጆሮውን ትልቁ ላይ አስደገፈ፦
"ይሄ ያጉረመርማል፣ ፈረቃው አላለቀም።"
ከዚያ ትንሹ ላይ። ቆየ።
አራጌ ሰዓቱን አየ፤ ደንበኛ ገባ፣ ወጣ።
"ይሄ ዝም ማለት ይችላል" አለ፣
"ክፈይው።"

ደብተሬን አልገለጥሁትም።

ማታ ስንወርድ ካርቶኑ በሁለታችን ጉልበት መካከል፣
ሐረጎ ጨልሟል፣ የታች መብራቶች ይርገበገባሉ።
ጆሮዬ እንደገና ጠቅ አለ።
አባቴ የሆነ ነገር ያወራል፣ ስለ ማሽኑ መሰለኝ፣
እጁ አየር ላይ ክር ይቀጥላል።
አንገቴን ነቀነቅሁ።
ቦርከና ድልድይ እስክንደርስ ድረስ
ምራቄን አልዋጥሁም።